ላባ ውስጥ ያለ አየር

እናቴ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ላባዎች አንድ በአንድ እያነሳች ስም አወጣችላቸው። «ይቺ ገብስማ ናት። ይቺ የቀይ አውራ ዶሮ። ይቺ ደግሞ የጅግራ ናት፤ ከዝግርማ ዶሮ እንዳታምታታት፣ ነጠብጣቧ ድቡልቡል ነው።» ላባዎቹን የገዛሁት እዚሁ ሚኒሶታ ከአንድ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ነው። በየከረጢቱ ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ነው፤ እሷ ገብስማ ያለቻትን እነሱ «ግሪዝሊ» ይሏታል። ላባዋ ግን ያቺው ነጭና ጥቁር የተቀላቀለባት፣ የበዓል ዋዜማ ገዢ ዶሮውን እያገላበጠ የሚያያት ናት።

«ለምን ሥራ ነው?» አለችኝ። ለወንድሜ ዘንግ መሆኑን ነገርኳት። ወንድሜ ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ፣ ዌብ ወንዝ ላይ ትራውት ያጠምዳል። ትራውት ለባሌ ወንዞች እንግዳ ዓሣ ነው፤ በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ዓሣው ላባ ይወዳል እንዴ?» አለች። ላባው ለዓሣው ሳይሆን ለዓይን ነው። እንዴት እንደሚሠራ ለእሷ ያስረዳሁትን ያህል እዚህም ላስረዳ።

ዘንግ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ባዶውን ዘንግ ከፋብሪካ ይገዛሉ፤ ዛሬ አብዛኛው ከካርቦን ቃጫ ወይም ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ቱቦ ነው። የቡሽ እጀታ ያለብሱታል፤ ሲባጎው የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በቀጭን ክር ጠምጥመው ያስሩበታል፤ ክሩን በጥርት ያለ ሙጫ ይሸፍኑታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጌጥ ነው። አንዱ ባለ ብዙ ቀለም ክር እያነባበረ ጥለት ያወጣበታል፤ ሌላው የእባብ ቆዳ ያለብሰዋል። እኔን የማረከኝ ላባው ነው። ከእጀታው ከፍ ብሎ እውነተኛ የወፍ ላባ ዘንጉ ላይ ይተኛል፣ በላዩ ሙጫ ይፈስበታል፣ ሙጫው ሲጠነክር ላባው መስታወት ሥር ያለ ይመስላል። ጣት ቢሄድበት ጠርዙ አይገኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። የመጀመሪያውን ዘንግ ግን እሳቸው ሳያዩት፣ በራሴ ችኮላ ጨረስኩት። ቆንጆ የጅግራ ላባ አስተኝቼ ሙጫውን በቀጥታ አፈሰስኩበት። አሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየም፤ ነጫጮቹ ነጠብጣቦች እየደበዘዙ ሄዱ፣ ከዚያም አብዛኞቹ ጠፉ። ጥቁሩ ብቻ ቀረ፣ እንዲያውም ባሰበት። እናቴ አጎንብሳ አይታ «ቀለሙን ለቀቀ?» አለች። የዚህ ሥራ ምሥጢር ሁሉ የዚያ ጥያቄ መልስ ውስጥ ነው። ነጩ አልለቀቀም፤ የሚለቅ ቀለም ኖሮትም አያውቅም።

ላባ በቅርብ ሲታይ ሽመና ነው። መሐሉ ላይ አገዳው አለ። ከአገዳው ግራና ቀኝ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ደግሞ ዓይን የማይለያቸው ሌሎች ቅርንጫፎች ይወጣሉ። የእነዚህ ደቃቆች ግማሾቹ መንጠቆ አላቸው፤ መንጠቆው የጎረቤቱን ይዞ ይቆለፋል። የተፍረከረከ ላባ በሁለት ጣት መሐል ሳብ ሲደረግ ተመልሶ አንድ ሉህ የሚሆነው እንደ ዚፕ ስለሚዘጋ ነው። ወፎች ቀኑን ሙሉ በመንቁራቸው ላባቸውን የሚያበጥሩት ይህንኑ ዚፕ ለመዝጋት ነው።

ይህ ሽመና የተሠራው ከኬራቲን ነው፤ ጥፍራችንና ፀጉራችን ከሚሠሩበት ዓይነት ፕሮቲን። የተቆረጠ ጥፍር ወደ ብርሃን ቢያዝ ያሳልፋል፤ ነጭ አይደለም። ታዲያ የጅግራዋ ነጠብጣብ ነጭነቱን ከየት አመጣው? ከአየር። በቅርንጫፎቹ መካከል አየር አለ፤ በቅርንጫፎቹ ውስጥም ጥቃቅን የአየር ኪሶች አሉ። ብርሃን ከአየር ወደ ኬራቲን፣ ከኬራቲን ወደ አየር በተሻገረ ቁጥር ትንሽ ይጎብጣል፣ ትንሽ ይመለሳል። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ብርሃኑ ሁሉም ቀለሙ እንደተቀላቀለ ወደ ዓይናችን ይመለሳል፤ እሱን ነው ነጭ የምንለው። መስኮታችን ላይ የተከመረውም በረዶ እንደዚያው ነው። አንድ የበረዶ ቁራጭ ጥርት ያለ ነው፤ ተፈጭቶ አየር ሲገባበት ነጭ ይሆናል።

አሁን ያ አየር ወጥቶ በምትኩ ሌላ ነገር ቢገባስ? ሳምቡሳ የተጠቀለለበትን ወረቀት አስቡት። ዘይቱ የነካው ቦታ ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ዝናብ የመታው ነጠላም ገላ ያሳያል። ወረቀቱም ነጠላውም ቀለም አልለቀቁም፤ በቃጫዎቻቸው መሐል የነበረው አየር ቦታውን ለዘይትና ለውሃ ለቀቀ እንጂ።

ልኩ በቁጥር ሲነገር የበለጠ ይገባል። አየር ብርሃንን የሚያዘገይበትን መጠን 1 ብንል፣ ውሃ 1.33 ነው፣ ኬራቲን 1.55 አካባቢ ነው፣ የዘንግ ሠሪዎች ሙጫ የሆነው ኢፖክሲ ደግሞ ሲጠነክር ከ1.5 እስከ 1.57 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ስለዚህ ኢፖክሲ ላባው ውስጥ ሲሰርግ ብርሃኑ ከሙጫ ወደ ኬራቲን ሲሻገር ወሰኑን አያውቀውም። አይጎብጥም፣ አይመለስም፤ ዝም ብሎ ያልፍና ከሥር ያለውን ጥቁር ዘንግ ያሳየናል። ጥቁሩ የላባ ክፍል ግን ሜላኒን የሚባል እውነተኛ ቀለም ስላለው ብርሃኑን ውጦ እዚያው ይቀራል። የመጀመሪያው ዘንጌ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ይህን ካስተዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። በ1665 ባሳተመው «ማይክሮግራፊያ» ውስጥ የጣዎስን ላባ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ውሃ ሲነካው ያ ሁሉ ሰማያዊና አረንጓዴ እንደሚጠፋ ጽፏል፤ ከዚያም ተነስቶ ቀለሙ የብርሃን መጎበጥና መመለስ ውጤት መሆን አለበት ብሎ ደመደመ። በ2003 የቻይና ተመራማሪዎች በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ውስጡን ሲያዩት፣ የጣዎስ ሰማያዊና አረንጓዴ እንደ ካሬ መረብ በሥርዓት ከተደረደሩ የሜላኒን ዘንጎችና በመሐላቸው ካለ አየር እንደሚወጣ አሳዩ። በአንዱ ዘንግና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 140 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ሰማያዊ ይወጣል፤ ወደ 150 ከፍ ሲል አረንጓዴ። በአሥር ናኖሜትር ልዩነት ቀለሙ ይቀየራል። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ የጣዎስ ላባ በእጄ ስይዝ እንደ ድሮው አልይዘውም።

እንግዲህ የሥራው ቁም ነገር አየሩን ላባው ውስጥ ማስቀረት ነው። ለዚህ የሚያገለግለው «ከለር ፕሪዘርቨር» የሚባል በውሃ የቀጠነ የአክሪሊክ ማሸጊያ ነው። ሲቀባ እንደ ወተት ነጣ ያለ ነው፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል። ውሃው ሲተን ቀጭን ልባስ ትቶ ይሄዳል፤ አየሩም አብዛኛው ወደ ቦታው ይመለሳል። በኋላ ኢፖክሲው ሲመጣ በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል። ሲቀባ ግን ላባው እርጥብ ስለሆነ ነጠብጣቡ ለጊዜው ይፈዛል፤ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። ታግሶ መጠበቅ ነው፤ ሲደርቅ ነጩ ይመለሳል። አንድ ወፍራም ቅብ ከመቀባት ሦስት ስስ ቅብ ይሻላል፤ ወፍራሙ ራሱ ቀዳዳውን ይሞላዋልና።

ሁለተኛውን ዘንግ ስጀምር ጎረቤቴ ከጎኔ ተቀመጡ፤ እናቴም ወንበሯን ሳበች።

መጀመሪያ ላባው ይታጠባል። ወፍ ላባውን በቅባት ነው የሚያረሰርሰው፤ ቅባት ባለበት ደግሞ ምንም ነገር አይጣበቅም። ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። ከደረቀ በኋላ ከሥሩ ያለው ሱፍ መሳይ ለስላሳ ላባ በጣት ወደ ታች ተነጭቶ ይወገዳል፤ እሱ መንጠቆ ስለሌለው ተንጨባሮ ሙጫው ውስጥ ይቆማል። ቀጥሎ መጠኑ ይታያል። ወንድሜ የሚጠቀምበት ዓይነት ዘንግ ከእጀታው በላይ ውፍረቱ 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ዙሪያው 28 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ የሰፋ ላባ ከኋላ ራሱ ላይ ይደረባል፣ ድርቡም ጉብታ ይሆናል። የመረጥነው ላባ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው። እናቴ ነጠብጣቦቹን በጣቷ ጫፍ እየነካች ቆጠረች። አሥራ አንድ።

ከባዱ አገዳው ነው። ላባውን በጀርባው ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ፣ አዲስ ምላጭ ከአገዳው ጋር ትይዩ ይዤ፣ እንደ እርሳስ ሳይሆን እንደ ድንች ልጣጭ በስሱ ፋቅኩት። አገዳው ውስጡ ነጭ ስፖንጅ መሳይ ነው፤ እሱ እስኪታይና እስኪሳሳ ይፋቃል። ምላጩ ትንሽ ከጠለቀ አገዳው ይበጠስና ግራና ቀኙ ይለያያሉ። ሁለት ላባ በዚህ አጣሁ፤ ሦስተኛው፣ ያ የመረጥነው፣ እንደ ወረቀት ተለጠፈ። አገዳው ካልተፋቀ የዘንጉን ክብነት አይከተልም፤ ቀጥ ብሎ ይቆምና ሁለቱ ክንፎቹ ወደ ላይ ይነሳሉ።

ዘንጉን በአልኮል ጠርጌ የጣት ቅባት አስለቀቅኩ። ማሸጊያውን በለስላሳ ብሩሽ ቀባሁበትና መጣበቅ ሲጀምር ላባውን አስቀመጥኩት፤ ሥሩ ወደ እጀታው፣ ጫፉ ወደ ዘንጉ ጫፍ። ብሩሹ የሚሄደው ከሥር ወደ ጫፍ ብቻ ነው። አንዴ በተቃራኒው ከሄደ ዚፑ ይከፈታል፣ እርጥብ ሆኖም ተመልሶ አይዘጋም። ሲደርቅ አውራ ጣትን በቀስታ ማሳለፍ ነው፤ የሚቆረቁር ነገር ካለ አንድ ቅርንጫፍ ተነስቷል ማለት ነው፣ በጥቂት ማሸጊያ ይመለሳል። ሦስቱን ስስ ቅብ ከጨረስኩ በኋላ አንድ ጠብታ ውሃ ጫፉ ላይ አኖርኩ። ጠብታዋ ክብ ሆና ቆመች፤ ከሥሯ ያለው ነጠብጣብም ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከፈዘዘ ሌላ ቅብ ያስፈልጋል። ለመጀመር የሚያስብ ሰው በዘንግ ላይ ሳይሆን በእርሳስ ላይ ይለማመድ፤ የእርሳስ ውፍረት ለዚህ በቂ ነው።

ቦታው ለምን እጀታው አጠገብ ሆነ? ዘንግ ዓሣ ሲይዝ በብዛት የሚጎብጠው ወደ ጫፉ ነው፤ እጀታው አጠገብ ያለው ወፍራሙ ክፍል ብዙም አይንቀሳቀስም። ላባ የሚሸፍን ሙጫ ደግሞ ወፍራም ነው። በሚጎብጥ ቦታ ቢሆን ይሰነጠቃል፤ ክብደቱም ጫፉን ያደክመዋል።

ላባው ሲታሸግ ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ክር ይጠመጠማል፤ ባይጠመጠም የተቆረጠው አገዳ እንደ ቁስል ይታያል። የክሩ አጀማመርና አጨራረስ ቋጠሮ የለውም። ሲጀመር ክሩ በራሱ ጫፍ ላይ አምስት ስድስት ዙር ይሄድና ጫፉን ይቀብረዋል። ሊያልቅ ስድስት ዙር ገደማ ሲቀረው የታጠፈ ሌላ ክር እንደ ቀለበት ከሥሩ ይደረግና በላዩ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ዋናው ክር ተቆርጦ ጫፉ በዚያ ቀለበት ውስጥ ይገባል፣ ቀለበቱ ሲሳብም ጫፉን ይዞ ከጥምጥሙ ሥር ያልፋል። የሚይዘው የክር በክር መተሻሸት ብቻ ነው። እናቴ ይህን ስታይ «ስፌት የሚሰፉ ሴቶች ጫፉን እንደሚደብቁት» አለች፤ እውነቷን ነው።

አሁን ሙጫው። ኢፖክሲ በሁለት ጠርሙስ ይመጣል፤ አንዱ ሙጫው፣ ሌላው ማጠንከሪያው። እንደ ቀለም ተንኖ አይደርቅም። ሁለቱ ሲገናኙ ሞለኪውሎቻቸው እርስ በርስ እየተያያዙ አንድ ትልቅ መረብ ይሆናሉ። ስለዚህ ልኩ ወሳኝ ነው፤ ለዘንግ የሚሸጠው አብዛኛው እኩል በእኩል በመጠን ይለካል። አንዱ ከበዛ የበዛው አቻ አጥቶ ይቀራል፣ ዘንጉም ለዘላለም ይጣበቃል። ጎረቤቴ ለአንድ ላባ ብዙ ባያስፈልግም ከእያንዳንዱ ከ3 ሚሊ ሊትር በታች አይለኩም፤ መጠኑ ባነሰ ቁጥር ትንሿ ስሕተት ትገዝፋለች ይላሉ። መረቡ ሲሠራ ሙቀት ይወጣል፤ ሙቀቱ ደግሞ ሥራውን ያፋጥነዋል። በጠባብ ኩባያ ውስጥ የቆየ ሙጫ ቶሎ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። ለሁለት ሦስት ደቂቃ በቀስታ አማስሎ ፎይል ላይ ማፍሰስ ነው፤ ተዘርግቶ ሙቀቱን ይተነፍሳል፣ አረፋውም ወደ ላይ ለመውጣት አጭር መንገድ ያገኛል። ጓንት ይደረግ፣ መስኮት ይከፈት፤ ማጠንከሪያው ቆዳ ላይ ሲደጋገም አለርጂ ያስይዛል። የተማሰለበት ዕቃም ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።

ላባው ውስጥ እንዲቀር የደከምንለት አየር ሙጫው ውስጥ ሲገባ ጠላት ነው። ትንሿ አረፋ ሙጫው ከጠነከረ በኋላ ብርሃን ትበትናለች፤ ዓይን ከላባው በፊት እሷን ያያል። መድኃኒቷ የአልኮል ኩራዝ ነው። የላምባው ኩራዝ ጥላሸት ያመጣል፤ የአልኮሉ ነበልባል ንጹሕ ነው። ከሙጫው ሥር በእጅ ርቀት ላይ ሆኖ ለአፍታ ሲያልፍ ሙጫው ይቀጥናል፣ አረፋዋ ወጥታ ትፈነዳለች። ማቆም አይገባም፤ ነበልባሉ አንድ ቦታ ከቆየ ሙጫው ይፈላና ብዙ አረፋ ይወልዳል።

በማንኪያ ማር ያነሳ ሰው ማንኪያውን ካላዞረው ማሩ ይንጠባጠባል። ዘንጉም ላይ ያለው ሙጫ እንደዚያው ነው። የስበት ኃይል ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ወደ ታች የነበረው ግን ሙጫው ሳይወርድ ወደ ላይ ይዞራል። ስለዚህ ዘንጉ በደቂቃ ከ6 እስከ 20 ዙር በሚዞር ትንሽ ሞተር ላይ ይታሰራል። ብዙ ሰው ከባርቤኪው ሥጋ ማዞሪያ የተፈታ ሞተር ይጠቀማል፤ የኔም እሱ ነው። ሙጫው በየአቅጣጫው እኩል ሲጎተት የገጹ ውጥረት ያስተካክለዋል፤ የብሩሹ መስመርም ይጠፋል። እስኪረጋ ድረስ ለሰዓታት ይዞራል። እኛ ቤት ማታ ማታ የዚያ ሞተር ድምፅ ነበር የሚሰማው።

አንድ ቅብ አይበቃም፤ የላባው ጠርዝ አሁንም በጣት ይገኛል። ከ24 ሰዓት በኋላ ገጹ በውሃ በረጠበ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ ጉብታው ዝቅ ይላል፣ ተጠርጎ ሌላ ቅብ ይጨመርበታል። ሲታሽ የሚወጣው ዝቃጭ ነጭ ነው፤ ጠቆር ካለ ላባው ተነክቷል፣ እጅን እዚያው ማቆም ነው። ዘንጉ ማዞሪያው ላይ ሲመለስ የታሸው ገጽ እንደ ጭጋግ የደበዘዘ ነው፤ አዲሱ ሙጫ ሲነካው ጥርት ይላል። ጭረቶቹን የሚያጠፋቸውም ያው ነጩን ነጠብጣብ ያጠፋብኝ ሕግ ነው፤ እዚህ ግን ይረዳናል።

በመሐሉ እናቴ ከሐይቁ ዳር ስትመለስ አንድ ላባ ይዛ መጣች፤ ሰማያዊ፣ ጥቁር መስመር ያለበት፣ የብሉ ጄይ። ለቀጣዩ ዘንግ ይሆናል ብላ ነው። መልሰሽ ካነሳሽበት አኑሪው አልኳት፤ ከፋት፣ ለእኔም ከበደኝ። አሜሪካ ውስጥ በ1918 የወጣው የተሰዳጅ ወፎች ሕግ የአገሩን አብዛኛውን የዱር ወፍ ላባ መያዝን ይከለክላል፤ ወድቆ የተገኘም ቢሆን። የንስር ደግሞ ራሱን የቻለ የ1940 ሕግ አለው። የ1918ቱ ሕግ የወጣው ለባርኔጣ ጌጥ ሲባል ወፎች በገፍ ያልቁ ስለነበር ነው፤ የወደቀውን ከተገደለው መለየት ስለማይቻልም ሁሉም ተከለከለ። እንደ ዶሮ፣ ጣዎስና ጅግራ ያሉ የሚረቡ ወፎች ከዚህ ውጪ ናቸው። እዚህ አገር የሚረባው ጅግራም ዘሩ ከአፍሪካ ነው፤ እናቴ ስሟን ሳትጠይቅ ያወቀቻት ለዚህ ነው።

አራተኛው ቅብ በጠነከረ ማግስት ዘንጉን ከሞተሩ አውርጄ ለእናቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ከመብራቱ ሥር ያዘችው። በጥፍሯ ከእጀታው ጀምራ ወደ ላይ ሄደች፤ ክሩ ጋ ቆም አለች፣ ላባው ላይ አልቆመችም። ከዚያ እንደመጀመሪያው ቀን በጣቷ ጫፍ ነጠብጣቦቹን ቆጠረች፤ ዘንጉን እያዞረች፣ ከኋላ የሄዱትንም ሳትረሳ። አሥራ አንድ። ሙጫው ልኩን ለመያዝ ገና ሳምንት ስለሚቀረው ወደ ማስቀመጫ ቱቦው አልከተትኩትም፤ ማቀዝቀዣው አናት ላይ፣ ልጆች በማይደርሱበት፣ ሁለት የቡሽ ቁራጭ አስደግፌ አጋድሜዋለሁ።